የአድራሻዎች ባለአደራ፦ ጆናታን ፖስቴል

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በዳንግላ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጽመው ተግባር አለ። በቀድሞው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ አዲሱን ቦታ ያመለክታል፤ ለጥበቃ ሠራተኛውም ባለጉዳይ ሲመጣ ወዴት እንደሚመራው ይነግረዋል። ከገጠር ቀበሌ ማልዶ የተነሣ አርሶ አደር የተዘጋ በር ብቻ አይቶ እንዳይመለስ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የአንዲት ወረቀት ጉዳይ ሲሆን፣ ለባለጉዳዩ ግን የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ወጪ ነው።

በኢንተርኔት ላይም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስማቸው ሲለወጥ፣ ሲዋሐዱ ወይም ሲከፈሉ የድረ ገጽ አድራሻቸውም አብሮ ይለወጣል። በቀድሞው አድራሻ ላይ ወደ አዲሱ የሚመራ ምልክት ካልተተወ፣ በደብዳቤ፣ በመመሪያና በጋዜጣ የተሰራጨው አድራሻ ሁሉ ወደ ተዘጋ በር የሚያደርስ ይሆናል። ይህን ምልክት የመተው ልማድ በኮምፒውተሮች ዓለም ሥርዓት ሆኖ እንዲጻፍ ካደረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ጆናታን ብሩስ ፖስቴል ናቸው።

ፖስቴል የተወለዱት እ.ኤ.አ ኦገስት 6 ቀን 1943 (ሐምሌ 30 ቀን 1935 ዓ.ም) በካሊፎርኒያ ግዛት በአልታዴና ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቫን ናይስ ትምህርት ቤት የተከታተሉ ሲሆን፣ በኋላ የኢንተርኔት መሥራቾች ተብለው የታወቁት ቪንተን ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ፖስቴል ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ በ1966 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በምህንድስና፣ በ1974 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በኮምፒውተር ሳይንስ አግኝተዋል።

በዩኒቨርሲቲው በነበሩበት ወቅት በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ በሚመራው የኔትወርክ መለኪያ ማዕከል ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 29 ቀን 1969 (ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም) ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተላለፈው መልእክት፣ አርፓኔት በተባለው ኔትወርክ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የተላለፈ የመጀመሪያው መልእክት በመሆን በታሪክ ተመዝግቧል። ለዛሬው ኢንተርኔት መነሻ የሆነው ይህ ኔትወርክ ሲፀነስ ፖስቴል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ስቲቭ ክሮከር የኔትወርኩን አሠራር በተመለከተ ተመራማሪዎች ሐሳብ የሚለዋወጡባቸውንና አስተያየት መጠየቂያ የተባሉትን ተከታታይ ሰነዶች ማዘጋጀት ጀመሩ። የሰነዶቹ አርታኢነት በፖስቴል እጅ ገባ። ኃላፊነቱንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለሃያ ስምንት ዓመታት ያህል ተሸክመውት ኖረዋል። አንድ ሰነድ ከታተመ በኋላ አይለወጥም፤ ሲሻሻል አዲስ ቁጥር ያለው ሌላ ሰነድ ይወጣል፤ አዲሱም የትኛውን እንደተካ ይገልጻል። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው የዚህን አሠራር ጥቅም በቀላሉ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ኃላፊነታቸው ቁጥር መመዝገብ ነበር። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲገናኙ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ሁለት አገልግሎቶች አንድ ቁጥር ከያዙ መልእክቶች ይደበላለቃሉ። ፖስቴል እ.ኤ.አ በሜይ 1972 ባወጡት ሰነድ፣ ቁጥሮቹን የሚሰጥ አንድ ኃላፊ እንዲኖር ሐሳብ ሲያቀርቡ ለሥራው ራሳቸውን ጠቁመዋል። ተቃዋሚ አልተነሣም። በማስታወሻ ደብተር የተጀመረው መዝገብ ከጊዜ በኋላ አያና በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የኢንተርኔት ቁጥሮች ምደባ ባለሥልጣን ለመሆን በቅቷል። ስሙ ባለሥልጣን ይባል እንጂ ለረጅም ዓመታት ማለት ፖስቴልና እንደ ጆይስ ሬይኖልድስ ያሉ ጥቂት የሥራ ባልደረቦቻቸው ማለት ነበር። እ.ኤ.አ ከ1977 ጀምሮም ይህን ሥራ ያከናወኑት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆነው ነው።

የፖስቴል ስም ከአድራሻ መምራት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 1981 በወጡ ሰነዶች ነው። በዚያ ወር ዛሬም ዓለም የሚገለገልባቸው የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች በእርሳቸው አርታኢነት ታተሙ። ከእነዚህ አንዱ ኮምፒውተሮች ስለ መንገድ ችግር እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት የሚደነግግ ሲሆን፣ በውስጡ አምስተኛ ቁጥር የተሰጠው የመልእክት ዓይነት ይገኛል። አንድ ኮምፒውተር መልእክቱን በተሳሳተ መተላለፊያ በኩል ሲልክ፣ መተላለፊያው መልእክቱን ሳይጥል ወደሚገባው ያደርሰዋል፤ ለላኪውም ከእንግዲህ በሌላኛው መተላለፊያ በኩል ቢልክ መንገዱ እንደሚያጥርለት ያስታውቀዋል። ባለጉዳዩን መርዳትና ለወደፊቱ ማሳወቅ በአንድነት የተደነገጉበት አሠራር ነው።

በቀጣዩ ዓመት በኦገስት ወር ፖስቴል የኤሌክትሮኒክ መልእክት አላላክ ሥርዓትን አወጡ። በዚህ ሥርዓት የተቀባዩ ሰርቨር ለላኪው ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። ተቀባዩ አድራሻ ቀይሮ ከሆነ ሁለት አማራጮች አሉ። ቁጥር 251 ሰውየው በዚህ እንደማይገኝና መልእክቱ ወደ አዲሱ አድራሻ እንደሚተላለፍለት ይገልጻል። ቁጥር 551 ደግሞ ሰርቨሩ መልእክቱን እንደማያስተላልፍ፣ ላኪው ራሱ በተጠቀሰው አዲስ አድራሻ እንዲሞክር ያመለክታል። በሁለቱም ሁኔታዎች ላኪው ያለ መልስ አይቀርም።

የባለሦስት አኃዝ ቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ የመልሱን ዓይነት እንዲያሳይ ማድረግ፣ ፖስቴልና ባልደረቦቻቸው ለፋይል ማስተላለፊያ ሥርዓት በ1970ዎቹ የቀየሱት ዘዴ ነበር። ዓለም አቀፉ ድር ሲፈጠርም ይኸው የአቆጣጠር ልማድ ተወረሰ። ቲም በርነርስ ሊና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በሜይ 1996 ባወጡት የድር ፕሮቶኮል ሰነድ፣ በ3 የሚጀምሩት ቁጥሮች አድራሻን ወደ ሌላ ለመምራት ተመደቡ። ቁጥር 301 ገጹ ለዘለቄታው መዛወሩን፣ ቁጥር 302 ደግሞ ለጊዜው በሌላ ስፍራ መገኘቱን ያስታውቃሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁጥር 404 የተባለውን ገጽ ማግኘት አለመቻሉን የሚገልጽ ሲሆን፣ ቁጥር 410 ሆነ ተብሎ መነሣቱን ያመለክታል።

ይህ ሥርዓት በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ተግባራዊ የሚሆነው በሰርቨሩ የማዋቀሪያ ፋይል አማካይነት ነው። ፋይሉ በተራ ጽሑፍ የሚዘጋጅ ነው። አፓቼ በተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ሪዳይሬክት የሚለው ትእዛዝ፣ ቁጥሩ፣ የቀድሞው ገጽ መንገድና የአዲሱ ገጽ ሙሉ አድራሻ በአንድ መስመር ይጻፋሉ። ኤንጂን ኤክስ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ የቀድሞው መንገድ ከተጠቀሰ በኋላ ሪተርን በሚለው ትእዛዝ ቁጥሩና አዲሱ አድራሻ ይከተላሉ። ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ ሲታዘዝ፣ በቀድሞው አድራሻ የመጣ ሁሉ ምንም ሳይታወቀው ወደ አዲሱ ይደርሳል።

ሥራው የአንድ መስመር ጽሑፍ ቢሆንም ጥንቃቄን ይጠይቃል። ለዘለቄታው የተደረገን ዝውውር የተጠቃሚው የድር ማሰሻ ሊያስታውሰው ስለሚችል፣ በስህተት የተጻፈ ቁጥር 301 በሰርቨሩ ላይ ከታረመ በኋላም በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም በመጀመሪያ በቁጥር 302 መሞከርና ትክክለኛነቱ ሲረጋገጥ ወደ 301 መለወጥ ተመራጭ ነው። አንዱ መስመር ከቀድሞው ወደ አዲሱ፣ ሌላው ከአዲሱ ወደ ቀድሞው የሚመራ ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው በሁለት ቢሮዎች መካከል እንደሚመላለስ ባለጉዳይ ይሆናል፤ ማሰሻውም ከብዙ ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ያቆማል። የቀድሞ ገጾችን በሙሉ ወደ አዲሱ የፊት ገጽ ብቻ መምራትም እንዲሁ አጉል ልማድ ነው። አንድን አዋጅ የሚፈልግ ሰው አዋጁ ወዳለበት ገጽ ሊመራ ይገባዋል እንጂ ከዋናው በር ቆሞ እንደ አዲስ እንዲፈልግ ሊደረግ አይገባም።

ፖስቴል ለፕሮቶኮል አዘጋጆች ያስተላለፉት ታዋቂ መርሕም ለዚህ ሥራ መመሪያ ሊሆን ይችላል። መርሑ የሚልኩትን በጥንቃቄና በሥርዓቱ መላክ፣ የሚቀበሉትን ግን በትዕግሥትና በሰፊ ልብ መቀበል እንደሚገባ የሚያስገነዝብ ነው። ዳንግላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ ከ1925 እስከ 1934 የጣናን ሐይቅና የአባይን ወንዝ ያጠኑት የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን መቀመጫ ነበረች፤ ስሟም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በውጭ ጽሑፎች ሲጠቀስ ኖሯል። ሆኖም ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በግእዝ ሳድስ የሚጻፈውን ድምፅ አንዱ በአናባቢ ይጽፈዋል፤ ሌላው ይተወዋል። በአንደኛው አጻጻፍ የተመዘገበ አድራሻ በሌላኛው የመጣውን ተጠቃሚ የሚቀበለው፣ ሁለተኛውም አጻጻፍ ተመዝግቦ ወደ መጀመሪያው እንዲመራ ሲደረግ ነው።

የኢንተርኔት ስሞች ጉዳይም የፖስቴል ሌላው ዐቢይ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሮች በቁጥር ቢተዋወቁም ሰዎች የሚያስታውሱት ስም ነው። እ.ኤ.አ በ1983 የሥራ ባልደረባቸው ፖል ሞካፔትሪስ ስምን ከቁጥር ጋር የሚያገናኘውን ሥርዓት ሲነድፉ፣ ሥራውን ያስጀመሩት ፖስቴል ነበሩ። ለአገሮች የሚሰጡት ባለሁለት ፊደል ስሞችም በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ዝርዝር መሠረት እንዲሆኑ ተደረገ። በዚህም ፖስቴልና መሥሪያ ቤታቸው አንድን ግዛት አገር ነው ወይም አይደለም ብሎ ከመፍረድ ተቆጥበዋል።

እ.ኤ.አ በማርች 1994 ባወጡት ሰነድ ፖስቴል የአገር ስም አስተዳዳሪ ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ መሆኑን ደንግገዋል። አደራውም ለሁለት ወገን ነው፤ ለአገሩ ሕዝብና ለዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ። በመሆኑም ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ከመከራከር ይልቅ ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ማሰብ እንደሚገባ አስገንዝበዋል። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ዶት ኢቲ በአያና መዝገብ የሰፈረው ይህ ሰነድ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 15 ቀን 1995 (ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም) ነው። በዚያን ጊዜ መዝገቡን ይመሩ የነበሩት ፖስቴል ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የጀመረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1997 በመሆኑ አድራሻው ከአገልግሎቱ ቀድሞ ይጠብቅ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህ የባለአደራነት እምነት በፖስቴል የመጨረሻ ዓመት ከፍተኛ ፈተና ገጥሞታል። ኢንተርኔት የንግድ መስክ እየሆነ በመምጣቱ የስሞች መዝገብ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ። ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የግል ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ውል ስሞችን ይመዘግብ ነበር፤ የስም ሥርዓቱ ሥር የሆነውን ዋና ፋይል የያዘውም የእርሱ ሰርቨር ነበር። ሌሎቹ የሥር ሰርቨሮች ቅጂውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መንግሥት፣ ኩባንያውና ተመራማሪዎች ይከራከሩ ነበር።

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 (ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም) ፖስቴል ለ8 የሥር ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች አጭር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ላኩ። መልእክቱ ሰርቨሮቻቸውን በማዋቀር ዋናውን ፋይል ከኩባንያው ሰርቨር ሳይሆን ከአያና እንዲወስዱ የሚጠይቅ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ለዓመታት ያመኗቸውን ሰው ቃል ተቀብለው የተጠየቁትን ፈጸሙ። የሁለቱ ፋይሎች ይዘት አንድ ዓይነት ስለነበር ተራው የኢንተርኔት ተጠቃሚ ምንም ለውጥ አላየም። ይሁን እንጂ የዓለም የስም ሥርዓት ሥር በአንድ መልእክት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በከፊል ተዛውሮ ነበር።

ድርጊቱ በዋሽንግተን ከፍተኛ ድንጋጤን ፈጠረ። የፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የኢንተርኔት ጉዳዮች አማካሪ ኢራ ማጋዚነር ሁኔታው ወደነበረበት እንዲመለስ ጠየቁ። ፖስቴል ድርጊቱ ወደፊት ለሚደረግ ዝውውር የተካሄደ ሙከራ መሆኑን አስረድተው ሰርቨሮቹ ወደ ቀድሞው ምንጭ እንዲመለሱ አደረጉ። ወዲያውኑም የአሜሪካ መንግሥት በጉዳዩ ላይ የራሱን የፖሊሲ ረቂቅ ይፋ አደረገ።

ድርጊቱን የሚደግፉ ወገኖች አደራ የተሰጣቸው ሰው አደራው በትክክል መተላለፍ የሚችል መሆኑን ማረጋገጣቸው ተገቢ ነው ይላሉ። የሚቃወሙት በበኩላቸው ማንም ሰው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ሥልጣን ባለው አካል ሳይፈቀድለት ዓለም የሚመራበትን አድራሻ ሊያዛውር አይገባም የሚል አቋም አላቸው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እርሱም በማዋቀሪያ ፋይል ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳትሆን ሥልጣንም እንደሆነች ነው። ማን እንደጻፋት፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደተጻፈች የሚያሳይ መዝገብ ሊኖር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ፖስቴል ከዚህ በኋላ የቀሯቸውን ወራት ያሳለፉት በግል እጃቸው የነበረውን አደራ ለተቋም ለማስረከብ በመሥራት ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የብር ሜዳሊያ ሸልሟቸዋል። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 አይካን የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የስሞችንና የቁጥሮችን አስተዳደር እንዲረከብ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ተመሠረተ። ፖስቴል ግን የአዲሱን ድርጅት ሥራ ለማየት አልታደሉም። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ በ1991 የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሲሆን፣ ሕመሙ አገርሽቶባቸው በድጋሚ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 16 ቀን 1998 (ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም) በሎስ አንጀለስ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ረጅም ጢማቸውና ነጠላ ጫማቸው መለያቸው የነበሩት ፖስቴል የካሊፎርኒያን ተራሮች በእግር መጓዝ ይወዱ ነበር። በሥራቸው ሀብት አላካበቱም። የልጅነት የትምህርት ቤት ባልደረባቸው ቪንተን ሰርፍ የስንብት ጽሑፋቸውን ያወጡት ፖስቴል ለ28 ዓመታት ያህል ባዘጋጁት በዚያው የሰነዶች ተከታታይ ውስጥ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ነው። የኢንተርኔት ማኅበርም እ.ኤ.አ ከ1999 ጀምሮ በስማቸው የተሰየመ የአገልግሎት ሽልማት ሲሰጥ ቆይቷል።

የፖስቴል ሕይወት ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስኑ አዋጆች በ1998፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም ወጥተዋል። በየጊዜውም መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ስማቸውም ተለውጧል። ለአብነት ያህል በ2011 ዓ.ም የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለዋል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ ንብረት፣ መዝገብና ሠራተኛ በርክክብ ሰነድ ይተላለፋሉ። የድረ ገጽ አድራሻም በዚሁ የርክክብ ሰነድ ሊካተት የሚገባው የሕዝብ ንብረት ነው።

በርክክቡ የቀድሞዎቹ ገጾች ዝርዝር ከአዲሶቹ አቻዎቻቸው ጋር ጎን ለጎን ሊዘጋጅ፣ የማዋቀሪያ ፋይሉ ቅጂ ከለውጡ በፊት ሊቀመጥ፣ ለውጡም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባለ ኮምፒውተር ሊሞከር ይገባል። የቀድሞው ስም የምዝገባ ክፍያም መቋረጥ የለበትም። ስሙ ከመዝገብ ከወጣ የማዋቀሪያ ፋይሉ ማንንም ሊመራ አይችልም፤ ሌላ ሰው ስሙን ካስመዘገበው ደግሞ በመንግሥት ማኅተም በወጡ ደብዳቤዎች የተጠቀሰው አድራሻ ዜጎችን ወደማይታወቅ እጅ ያደርሳል።

በዳንግላ ያለ አንድ ሠራተኛ ከዓመታት በፊት በደረሰው ደብዳቤ ላይ የሰፈረውን አድራሻ ጽፎ የሚፈልገው መመሪያ ሲከፈትለት፣ በመካከል የተደረገውን ዝውውር ላያውቅ ይችላል። ማወቅም አይጠበቅበትም። ፖስቴል ዕድሜያቸውን የሰጡለት አገልግሎት በአግባቡ ሲከናወን የማይታይ፣ ሲጓደል ግን ባለጉዳይን ሁሉ የሚያንገላታ ነው።